ሞተሩ ዘይት ሲበላ፦ ዋራንቲው ከማለቁ በፊት ያደረግኩት

አዲስ መኪና ዘይት አይበላም ብለን ነው የምናስበው። ዘይት መብላት ያረጀ መኪና በሽታ ይመስለናል። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት፣ ባለቤቱ ጀሪካን ይዞ የሚዞርበት መኪና። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ መኪኖች እያየሁ ነው ያደግኩት። ቨርጂኒያ የገዛሁት መኪና ግን ገና የሦስት ዓመት ነበር። አነስ ያለ ባለ ቱርቦ ኤስዩቪ ነው። ጭስ የለውም። መሬት ላይ ጠብ የሚል ዘይት የለም። ዳሽቦርዱ ላይም አንድም መብራት አልበራም። ዘይቱ ግን እያለቀ ነበር።

ይህን የምጽፈው በተለይ በመኪናቸው ለሚሠሩ ወገኖቼ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙዎቻችን ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት እየነዳን ነው ቤት የምናስተዳድረው። ሞተሩ ከቆመ ገቢውም አብሮ ይቆማል። ዋራንቲ (አምራቹ በነጻ ለመጠገን የሚገባው ዋስትና) እያለን ማድረግ የሚገባንን ካላወቅን ደግሞ ዕዳው ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነበር። ከደለስ ኤርፖርት ስመለስ፣ ከፍሪዌይ ወጥቼ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም፣ ከሞተሩ ቀጭን ትክ ትክ የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ዘይት መቀየሪያዬ ገና ነበር። መኪናው ራሱ የሚያስታውሰኝ በየ7,500 ማይሉ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የነዳሁት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሐበሻ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸውን በሙያው ላይ ያሳለፉ፣ ለእኔ አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወሰድኩላቸው። ኮፈኑን ከፈቱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳቡ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱና ሳቡት። ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ መብራት እኮ አልበራም» አልኳቸው።

«መብራቱን አትጠብቅ ልጄ። እሱ ሲበራ መሽቷል» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ያቺ ጀበና የምትመስል ቀይ መብራት በብዙ መኪኖች ላይ የምትናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። ሞተሩ አምስት ኳርት (ኳርት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው ነው) የሚይዝ ከሆነና ወደ ሦስት ቢወርድም፣ ፓምፑ የሚስበው እስካገኘ ድረስ ግፊቱ ደህና ነው። መብራቷ የምትበራው ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር መሳብ ሲጀምር ነው። ያኔ ውስጥ ያሉት ብሮንዚኖች፣ ማለትም የሚሽከረከሩት ክፍሎች የሚያርፉባቸው ዕቃዎች፣ ብረት ከብረት መፋጨት ጀምረዋል። አንዳንድ መኪኖች መጠኑን የሚለካ ሴንሰር ለብቻው አላቸው። የእናንተ መኪና ይኑረው አይኑረው ከማኑዋሉ ላይ ዛሬውኑ እዩ።

ጭስ ያለመኖሩም ሊያታልለን አይገባም። የዛሬ መኪኖች ጭስ ማውጫ ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር አለ። የተቃጠለውን ዘይት አብዛኛውን እሱ ስለሚያነደው በዓይን የሚታይ ነገር አይወጣም። ዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ግን እዚያው ይጋገርና ኮንቨርተሩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ካንዴላዎቹም ይቆሽሻሉ። ስለዚህ ዘይት የሚበላ መኪና የሚያስወጣችሁ የዘይት ዋጋ ብቻ አይደለም። ኮንቨርተር መቀየር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የጠየቀ ያውቀዋል።

መካኒኩ ዘይቱን ሞሉልኝ። ከታች ገብተው ጓርኒሲዮኖቹን (ዘይት እንዳይፈስ በመጋጠሚያዎቹ መሃል የሚገቡትን)፣ የፊልትሮውን ዙሪያና የቱርቦውን ቧንቧ አዩ። ሁሉም ደረቅ ነው። የማይፈስ ዘይት ከጎደለ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ከዚያ የሰጡኝ ምክር ከሁሉም የበለጠ ጠቀመኝ። ዲለሩ ጋ፣ ማለትም የአምራቹ ወኪል ጋ፣ ከመሄድህ በፊት መመዝገብ ጀምር አሉኝ።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መለካት አለበት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ማኑዋላችሁ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ዘንጉን አንዴ ጠርጋችሁ ነው የምታነቡት፤ የመጀመሪያው ሲሳብ ያለው ንባብ አያስተማምንም። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ምልክት ያለው ርቀት በብዙ መኪኖች ወደ አንድ ኳርት ነው። እኔ ስልኬ ላይ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የጨመርኩትን መጠን እጽፋለሁ። የዘንጉንና የኦዶሜትሩን ፎቶ አነሳለሁ። የገዛሁትን ዘይት ደረሰኝም እንዲሁ። ከመጠን በላይ እንዳትሞሉ ብቻ ተጠንቀቁ። ዘይቱ ከከፍተኛው ምልክት ብዙ ካለፈ ክራንክሻፍቱ (ከታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ብረት) እየመታው አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ አያለሰልስም።

መዝገቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እውነቱን አወጣው። መኪናዬ ሺህ ማይል ሳይሞላው አንድ ኳርት ይጨርሳል።

ዲለሩ ጋ ሄድኩ። መኪና የሚረከበው ሰውዬ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ «ኖርማል ነው» አለኝ። ይህን ቃል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። በርካታ አምራቾች በ1,000 ወይም በ1,200 ማይል አንድ ኳርት መብላትን ተቀባይነት ባለው ወሰን ውስጥ ይቆጥሩታል። በ2,000 ማይል አንድ ኳርት የሚሉም አሉ። እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። መኪናው አምስት ኳርት ይይዛል። በየ1,200 ማይሉ አንድ ኳርት ይበላል። ዘይቱ የሚቀየረው በ7,500 ማይል ነው። እስከዚያ የሚበላው ከስድስት ኳርት ያልፋል። እንግዲህ ደህና ነው የተባለው መኪና፣ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ብቻ ዘይት የሚቀየርለት ከሆነና መሃል ላይ ካልተጨመረለት፣ መቀየሪያው ሳይደርስ ባዶ ይሆናል። በወሰን ውስጥ መሆን ማለት አምራቹ በዋራንቲ የማይጠግንበት ልክ ነው እንጂ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

እኔ ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩ። አንደኛ፣ ቅሬታዬ ሪፔር ኦርደሩ (የጥገና ማዘዣው ወረቀት) ላይ እንዲጻፍ፦ ደንበኛው ሞተሩ ዘይት ይበላል ይላል፣ ማይሉ ይህን ያህል ነው። ሁለተኛ፣ የዘይት ፍጆታ ፈተና እንዲደረግልኝ። የጻፉትን ሳላነብ አልፈረምኩም። መጀመሪያ «ዘይት ቀይር» ብቻ ብለው ነበር የጻፉት፤ እንዲያስተካክሉት ጠየቅኩ፣ አስተካከሉት። ይህ ወረቀት ወርቅ ነው። የሞተር ዋራንቲ በብዙ መኪኖች 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ያበቃዋል። እኛ በመኪና የምንሠራ ሰዎች ደግሞ ማይሉን በፍጥነት ነው የምንጨርሰው። ቅሬታችሁ ማይሉ ሳያልፍ በወረቀት ላይ ካለ፣ ጥገናው በኋላ ቢመጣም የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ። በቃል ብቻ ከተናገራችሁ ግን እንዳልተናገራችሁ ነው የሚቆጠረው።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይገባበትና ያበላሸዋል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳቸው ይቀይራሉ። መጠኑን ልክ ይሞላሉ። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን፣ የማፍሰሻውን ቡሎን፣ ፊልትሮውንና አንዳንዴም የመለኪያ ዘንጉን ምልክት ያደርጉበታል ወይም ያሽጉታል። ሺህ ማይል አካባቢ ነድታችሁ ትመለሳላችሁ፤ የጎደለውን ይለካሉ። በዚህ መሃል ዘይት ከጨመራችሁ ወይም ማሸጊያው ከተነካ ፈተናው ይሰረዛል፣ እንደገና ከዜሮ። ስለዚህ ስትወጡ ጠይቁ፦ ዘንጉን ሳልነካ ደረጃውን እንዴት ልከታተል? በመሃል አደጋ ላይ የሚጥል ደረጃ ላይ ቢደርስስ ወዴት ልምጣ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ሲጎድልብኝ ራሴ ሳልጨምር መኪናውን ይዤላቸው ሄድኩ፣ እነሱ ለክተው ጻፉት።

ውጤቱ ከራሳቸው ወሰን በላይ ሆነ። ያም ሆኖ ወዲያው ሞተሩን አልከፈቱም። መጀመሪያ ፒሲቪ የሚባለውን ቫልቭ ቀየሩ። በሞተሩ የታችኛው ክፍል የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ ትንሽ ዕቃ ነው። ሲበላሽ ዘይትም አብሮ ይስባል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ አንዳንዴም እውነተኛው በሽታ እሱ ነው። ከዚህ መጀመራቸው ተገቢ ነው እላለሁ። እኔ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። ፈተናው ተደገመ። አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ ፒስተኖቹና ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፣ በዋራንቲ ተቀየሩ።

ፋሻው ለምን በሦስት ዓመት? ይህን ከመካኒኩ ጋር ብዙ ተነጋግረንበታል። እያንዳንዱ ፒስተን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፋሻዎች አሉ። የላይኞቹ ሁለቱ ግፊቱን ይይዛሉ፤ የታችኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ የፋሻውን ውጥረት ቀንሰዋል። ሰበቃው ሲቀንስ ነዳጅ ይተርፋል፤ ጠረጋው ግን ይላላል። ዘይቱም ቀጥኗል። ድሮ 10W-40 ወይም 5W-30 የነበረው ዛሬ 0W-20 ነው፣ 0W-16 የሚጠቀሙም አሉ። ከዚያ ደግሞ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ረዘመ፤ 7,500፣ እንዲያውም 10,000 ማይል። ረጅም የቆየ ዘይት በሙቀት ካርቦን ይሆንና ፋሻው ውስጥ ያሉትን የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ፋሻው ተጣብቆ ይቀራል። ቱርቦ ሲጨመር ሙቀቱ ይብሳል።

የእኛ አነዳድ ነገሩን ያባብሰዋል። ኤርፖርት መጠበቂያ ላይ በክረምት ማሞቂያ፣ በበጋ ኤሲ ከፍተን ሞተር ሳናጠፋ እንቆማለን። ኦዶሜትሩ አይቆጥርም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። አጫጭር ጉዞም አለ። ማኑዋሉን ብታነቡ ከባድ አጠቃቀም የሚል ለብቻው የተጻፈ የጥገና ሰሌዳ ታገኛላችሁ። ታክሲና ረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራ ሞተር እዚያ ውስጥ ነው የሚመደቡት። እኔ አሁን በየ5,000 ማይሉ ነው የምቀይረው፣ መኪናው ቢያስታውሰኝም ባያስታውሰኝም። ለሁለት ተጨማሪ ዘይት ቅየራ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህ ችግር የአንድ አምራች ወይም የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት በ2015 ከ2010 እስከ 2014 የተሠሩ መኪኖችን የሚመለከት ሰፊ ጥናት አውጥቶ ነበር። ገና በልጅነቱ ዘይት መብላት የጀመረ መኪና ሲያረጅ የበለጠ እንደሚበላ ያኔ አሳይቷል። ከዚያ በፊትም ቶዮታ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ለነበራቸው የተወሰኑ መኪኖች፣ የ2007–2009 ካምሪን ጨምሮ፣ ለዚሁ ችግር ሲል የፒስተንና የፋሻ ሽፋኑን አራዝሞላቸዋል። የፈተናው መስፈርት በ1,200 ማይል ከአንድ ኳርት በላይ መብላት ነበር። ሱባሩም በ2016 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ የተወሰኑ መኪኖችን የሞተር ሽፋን ለዘይት ፍጆታ ጉዳይ ከ5 ዓመትና 60,000 ማይል ወደ 8 ዓመትና 100,000 ማይል ከፍ አድርጓል። እነዚያ መኪኖች ዛሬ ጊዜያቸው አልፏል። የእናንተ መኪና ግን እንዲህ ያለ ሽፋን ይኖረው ይሆናል። የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የፌደራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። እዚያ ሪኮል (አምራቹ መኪናውን ለጥገና የሚጠራበት) ብቻ ሳይሆን፣ በመኪናው ሞዴልና ዓመት ስትፈልጉ አምራቹ ለዲለሮች የላካቸው የቴክኒክ ማስታወሻዎችም ይገኛሉ። ዘይት መብላት ብዙ ጊዜ በሪኮል ሳይሆን በነዚህ ማስታወሻዎች ነው የሚስተናገደው። የመኪናችሁን ሞዴል የሚመለከት ካገኛችሁ አትሙትና ይዛችሁ ሂዱ። «ኖርማል ነው» የሚለው መልስ ሊለወጥ ይችላል።

«ዘይት እኛ ጋ ስላልቀየርክ ዋራንቲ የለህም» ቢሏችሁ አትደንግጡ። ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የ1975 የፌደራል ሕግ አለ። አምራቹ ዘይት ሌላ ቦታ በመቀየራችሁ ወይም የሌላ ኩባንያ ፊልትሮ በመጠቀማችሁ ብቻ ዋራንቲውን ሊከለክል አይችልም። ያም ሆኖ ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን ማሳየት የእናንተ ድርሻ ነው። ደረሰኝ ላይ ቀን፣ ማይል፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን ይኑር። ሐበሻ ጋራዥ ስትቀይሩም «ደረሰኝ ይቅርብኝ» አትበሉ። ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ የዘይቱንና የፊልትሮውን መግዣ ደረሰኝ አስቀምጡ። ሌላው ማጣራት ያለባችሁ ነገር የንግድ አጠቃቀም ነው። አንዳንድ ዋራንቲዎች፣ በተለይ ለብቻ የሚሸጡት ተጨማሪ ውሎች፣ ለኡበርና ለታክሲ የሚነዳን መኪና አይሸፍኑም። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። ሞተር ተከፍቶ ሲሠራ መኪናው ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ዲለሩ የሚያውሳችሁ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ለንግድ ሥራ መንዳት የተከለከለ ነው። ኢንሹራንሱም አይሸፍንም። እኔ በዚያ ጊዜ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተነጋግሬ በሌላ ሥራ ነው የቆየሁት። ከቻላችሁ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት አስይዙት።

ወፍራም ዘይት ስለማድረግ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዋራንቲ እስካላችሁ ድረስ ማኑዋሉ ከሚለው አትውጡ፤ ለመከልከያ ምክንያት አትስጧቸው። ዋራንቲው ካለቀ ግን ማኑዋሉን እንደገና እዩት። አንዳንዱ ከ0W-20 ሌላ 5W-30 መጠቀም እንደሚቻል ይጽፋል። የሚፈቅድ ከሆነ ሊረዳ ይችላል። በጠርሙስ የሚሸጡት «ዘይት መብላት ያቆማል» የሚሉ መድኃኒቶች ላይ ግን ገንዘብ ባታፈሱ ይሻላል። ያለቀ ፋሻን የሚያድን ጠርሙስ አላየሁም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ይህንኑ ጠይቆኛል። እሱ ዋራንቲ የለውም። መኪናው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ ነው፣ የቀድሞ ታሪኩም አይታወቅም። የነገርኩት ሦስት ነገር ነው። ዘይቱን ነዳጅ በሞላ ቁጥር ይለካ። የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ያጽዳ ወይም ይቀይር፤ አቧራ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ፋሻና ግድግዳውን የሚፈጨው እሱ ነው፣ ከከተማ ውጭ ኮረኮንች መንገድ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ። ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት ደግሞ ፒሲቪው፣ የቫልቭ ሲሎቹ (ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይገባ የሚያግዱት ጎማዎች) እና የቱርቦው መስመር ይታዩ፣ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሚይዘው ግፊት፣ ይለካ። ሲሎቹ ብቻ ከሆኑ ሥራው ከላይ ያልቃል። ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ ጭሶ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲሎቹ ናቸው፤ በጉዞ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጨስ ከሆነ ፋሻው ይጠረጠራል። ወንድሜ መኪና ላይ ሲሎቹ ሆነው ተገኙ፣ ሞተሩም ሳይወርድ ቀረ።

የእኔም መኪና ከጥገናው በኋላ በሁለት ዘይት ቅየራ መሃል የሚጎድለው ከዘንጉ ላይ ሩብ እንኳ አይሞላም። አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር እለካለሁ፤ መዝገቡንም አልተውኩም። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ «ሰርቲፋይድ ነው» (ተመርምሮ ተረጋግጧል) በሚለው ብቻ አትርኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሂዱ፣ ዘንጉን ራሳችሁ ሳቡ፣ የዘይት ቅየራ ታሪኩን ጠይቁ። ያንን ሞዴል ስለ ዘይት መብላት የሚመለከት ማስታወሻ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት ፈልጉ። ገዝታችሁ ከሆነም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሺህ ማይሎች ዘይቱን በደንብ ተከታተሉት፤ ዋራንቲው ገና ብዙ ማይል የሚቀረው ያኔ ነው።